ማታ የሚመጣው ወንድም

በፈረንጆች የሥነ ልቦና ትሪለር ፊልም ውስጥ የማስታወስ ችሎታውን ያጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣውን የክሪስቶፈር ኖላንን «ሜሜንቶ» ያየ ያውቀዋል። ሌናርድ የሚስቱን ገዳይ ያሳድዳል፤ አዲስ ነገር አእምሮው ውስጥ ስለማይቀመጥለት ያገኘውን ሰው ፎቶ ያነሳል፣ ዋና ዋናውን ገላው ላይ ይነቀሳል። ማንነቱ የተንጠለጠለው በገዛ እጅ ጽሑፉ ላይ ነው። አውቆ ለራሱ የሐሰት ማስታወሻ በጻፈ ጊዜ የሚያርመው ሰው አልነበረም።

ሕመሙ ፈጠራ አይደለም። ሄንሪ ሞላይሰን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1953 ለሚጥል በሽታው የአንጎል ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት በኋላ፣ እስከሞተበት እስከ 2008 ድረስ ዛሬ የተዋወቀውን ሰው ነገ አያውቀውም ነበር። ልጅነቱን ግን ያስታውስ ነበር።

እኔ ሚኒያፖሊስ በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ። በየክፍሉ በር ላይ የነዋሪው የወጣትነት ፎቶ ተለጥፏል፤ ባለቤቱ ክፍሉን እንዲለይበት ነው።

ጅማ ያለው አጎቴ ፎቶ አያስፈልገውም። ከሂርማታ ገበያ መንገድ ከጠፋበት ባለ ባጃጁ ሒሳብ ሳይጠይቅ ደጁ ላይ ያወርደዋል። የእርሱ መርሳት ከሌናርድ ይለያል፤ አሮጌውንም እየሸረሸረ ነው። የሞተውን ወንድሙን «የት ሄደ?» ሲል ጎረቤቷ ስኒውን እያቀበለችው «ቡና ጭኖ አጋሮ ሄዷል አባባ፣ ማታ ይመጣል» ትለዋለች። ባለሱቁም ያንኑ ይላል። ሳይመካከሩ ሰፈሩ በሙሉ አንድ ውሸት ይዟል። አጎቴም «መንገዱ ጭቃ ነው፣ ይጠንቀቅ» ብሎ ቡናውን ፉት ይላል። እኛ መጦሪያ ቤት በሽተኛን አትከራከሩ የሚለውን የተማርነው በሥልጠና ነው።

ግን ሰፈሩን ብቻ አላወድስም። ጅማ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ያላት ከተማ ሆና ሳለ «እርጅና ነው» ተብሎ ሐኪም አላየውም። ደግሞ «ማታ ይመጣል» ያሉት ሁሉ ማታ ቤታቸው ይገባሉ። ራት አልበላም፣ ወንድሜን እጠብቃለሁ የሚለውን ሰው የምትይዘው አክስቴ ናት፤ የበሩን ቁልፍ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ታድራለች። እኔ ስምንት ሰዓት ሠርቼ ተረኛ ይተካኛል፤ እርሷን የሚተካት የለም።

ከውጭ የምንልከው ገንዘብ «ለመድኃኒት» ይባላል። ለሌሊት ረዳት ይከፈልበት ብዬ በስልክ ነገርኳት። «ባዕድ ሰው ሌሊት ቢያይ ይደነግጣል» ብላ እምቢ አለች።