ክርክር፦ «ተጭናው ነው»

ጥያቄው ይህ ነው። ሕፃናት ተኝተው ድንገት እንዳይሞቱ እናቶችን «ልጅሽን ጎንሽ አታስተኚ» ብሎ ማስተማር ያድናል ወይስ ልጅ የሞተባትን ያቆስላል? ከተከራካሪዎቹ አንዷ ደሴ የምትሠራ ነርስ ናት፤ ሌላዋ የወረኢሉ እናት።

ነርሷ፦
ደህና ጠብቶ የተኛ ልጅ ጠዋት ሞቶ ይገኛል። ዓመት ያልሞላው ሕፃን እንዲህ ሞቶ፣ ተመርምሮም ምክንያቱ ሲጠፋ ድንገተኛ የሕፃናት ሞት ይባላል። የሚበዛው ከ2 እስከ 4 ወር ባሉት ላይ ነው። ምክንያቱ ባይታወቅም አደጋውን የሚቀንሰው ይታወቃል። ሁልጊዜ በጀርባው ይተኛ፣ ለቀን እንቅልፍም ቢሆን። እናቱ ባለችበት ክፍል፣ ግን ጠንከር ያለ ፍራሽ ላይ ለብቻው። ትራስ አያስፈልገውም፣ ፊቱን በጋቢ አትሸፍኑት፣ አጠገቡ ሲጋራ አይጨስ፣ ጡት ይጥባ። አሜሪካ በ1994 እ.ኤ.አ. ልጆች በጀርባቸው ይተኙ የሚል ዘመቻ ተጀምሮ በአሥር ዓመት ገደማ ሞቱ በግማሽ ያህል ቀንሷል። «በጀርባው ከተኛ ትውከቱ ያንቀዋል» የሚሉ አሉ፣ አያቴም ትል ነበር። ግን በጀርባው ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከምግብ ቧንቧው በላይ ስለሚሆን የመጣው ወተት ወደ ሳንባ መግባት ይከብደዋል፤ ነገሩ የሚገለበጠው በሆዱ ሲተኛ ነው።

እናትየዋ፦
ልጄ፣ ያልሽው እውነት ይሆናል። የወረኢሉን ሌሊት ግን ታውቂዋለሽ? አንድ መደብ ላይ እኔ፣ ባሌና ሁለት ልጆች ነበርን፤ ለብቻው የት ላስተኛው? የ3 ወር ልጄን ጎኔ አስተኝቼ ጠዋት ቀዝቅዞ አገኘሁት። ገና ታቅፌው ሳለሁ ባለሙያዋ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «እንዴት ነበር ያስተኛሽው?» ብላ ነው። በዚያው ቀን ሰፈሩ «ተጭናው ነው» አለ። ይሄው እስከ ዛሬ ሌሊት ብንን እላለሁ። ቅሬያችን (እድራችን) ለአዋቂ ይቀመጣል፣ ያስተዛዝናል፤ ለኔ ልጅ ግን ወንዶቹ ቀብረው መጡ፣ በቃ። «አብሽሪ፣ ሌላ ይሰጥሻል» አሉኝ። እኔ እኮ የምፈልገው እሱን ነበር።

ነርሷ፦
እትዬ፣ ባለሙያዋ በዚያ ሰዓት እርስዎን እንዲያ ብላ መጠየቋ ስህተት ነው፣ አልከላከልም። እናቱ ጎን ተኝቶ የሞተ ሁሉ ተጭነውት ነው ማለትም ሐሰት ነው፤ ለብቻው ተኝቶ የሚሞትም አለ። ግን እናቶች ይከፋቸዋል ብለን ዝም ካልን ነገ የምትወልደውስ? ቦታ ለሌለው መላ አለ። የኒውዚላንድ ነባር ሕዝብ የሆኑት ማኦሪዎች ዋሃኩራ የሚሉት ስፌት አላቸው፤ ልጁ እሱ ውስጥ ሆኖ ወላጆቹ አልጋ ላይ ይተኛል፣ አጠገባቸው ነው ግን ማንም አይጫነውም። ይህን ያህል ስፌት የሚሰፋ የወሎ ሴት እጅ ለዚህ ያንሳል? ጠላ ወይ አረቄ የጠጣ ሰው አጠገብ ግን በምንም ምክንያት አይተኛ። እዚህ ላይ አልደራደርም።

እናትየዋ፦
ስፌቱን ወድጄዋለሁ። ግን ለማን ነው የምትነግሪው? ለነፍሰ ጡሯ ብቻ ከሆነ ከንቱ ነው። «በረደው፣ ወደ ጎንሽ አምጪው» የምትለው አማቷ ናት፣ የሚጠጣው ባሏ ነው። ሳይወለድ በፊት ለእነሱ ንገሪያቸው። ከሞተ በኋላ ስትመጪ ደግሞ መጀመሪያ ስሙን ጠይቂኝ፣ ቁጭ በይ፣ አልቅሺ ካለሽም አብረን እናልቅስ፤ ስለ አተኛኘቱ ሌላ ቀን ትጠይቂኛለሽ፣ እነግርሻለሁ። ለቅሬው ሽማግሌዎችም ለጨቅላ ይቀመጥ ብዬ አንድ ጊዜ አንስቼ «ያልተለመደ ነው» ብለው መልሰውኛል። በሚቀጥለው ስብሰባ እንደገና አነሳዋለሁ፤ አንቺም ነይና አጠገቤ ተቀመጪ።