እርማት፦ መለያየት ከፌስቡክ ጋር አልመጣም

«ወላጆቻችን በፖለቲካ ተኳርፈው አያውቁም፤ ቤተሰብን የከፋፈለው ፌስቡክ ነው» የሚለው አስተያየትዎ በቅንነት የቀረበ ቢሆንም፣ ስለ ጎንደር ከሆነ ግን ትክክል አይደለም። ከተማዋ ራሷ መናገሻ የሆነችው፣ ዐፄ ሱስንዮስ ካቶሊክነትን በመቀበላቸው አባትና ልጅ ሳይቀር የተለያየበት ጦርነት ባበቃ ማግሥት፣ በልጃቸው በዐፄ ፋሲል ዘመን ነው። ከዚያም በኋላ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የተነሣው የቅባትና የተዋሕዶ የሃይማኖት ክርክር ጉባኤዎቿን ደጋግሞ አውኳል። ቅርቡን ካነሣን ደግሞ፣ ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ከአንድ መሶብ የበሉ ወንድማማቾች በተቀናቃኞቹ የግራ ፓርቲዎች ተከፍለው፣ አንዱ ኢሕአፓ፣ ሌላው መኢሶን ሆነው ለመገዳደል ተፈላልገዋል።

አክስቴ በዚያ ዘመን ሁለቱን ወንድሞቿን በየተራ ቡና ታጠጣ ነበር፤ አቦሉን ጠጥቶ አንዱ በጓሮ ሲወጣ፣ ሲኒዎቹን አጥባ ረከቦቱ ላይ እንደገና ትደረድርና ቶናውን ለሌላው ትቀዳለች። ይህን እርቅ ልለው አልደፍርም፤ ሆኖም ሁለቱም እህት አላጡም።

እድርም ቢሆን የጸናው አባላቱ በሐሳብ አንድ ስለሆኑ ሳይሆን፣ ግዴታው ድንኳን መትከል፣ መቅበርና ለቅሶ መድረስ ስለሆነ ነው። በእርግጥ ፌስቡክ አንድ ነገር ለውጧል፤ ድሮ በሹክሹክታ የሚነገረው ዛሬ ከነስምና ከነፎቶ ስለሚጻፍ፣ እንዳልሰሙ ሆኖ ማለፍ (የእኛ ቤት ትልቁ ዘዴ ይኸው ነበር) ከባድ ሆኗል።