የፈረንጅ ዶሮ ስትመጣ የሐበሻዋ የት ትደር?

ከደሴ እስከ ወልድያ፣ ብዙ ግቢ ውስጥ አሁን ሁለት ዓይነት ዶሮ አለ። አንዷ ድሮም የነበረችው ናት። ገብስማ ወይም ወሰራ፣ አንዳንዴ ጉትያ ያላት፣ ክብደቷ ከአንድ ኪሎ ተኩል ብዙም የማያልፍ የሐበሻ ዶሮ። ሌላዋ በካርቶን ተጭና የመጣችው ናት። ሳሶ፣ ቦቫንስ ወይም ኮኮክ የምትባል የፈረንጅ ዶሮ። የ45 ቀን ጫጩት ሆና ትገዛለች፤ ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ የሐበሻዋን በቁመትም በክብደትም ጥላት ትሄዳለች።

ከዚያ ግቢው ይረበሻል። ጥሬ ሲበተን ትንሿ ትገፋለች። ማታ ቆጡ ላይ ቦታ ታጣለች። የአናቷ ላባ ይነቀላል። ባለቤቷም ትንሽ ይታገሥና «ይቺስ አልሆነችም» ብሎ ገበያ ያወጣታል።

እኔ እዚህ ላይ ነው የምቃወመው። ለሁለቱም አንድ የመኖ ዕቃ፣ አንድ ቆጥና አንድ በር ሰጥተን ስናበቃ ተስማምተው እንዲኖሩ እንጠብቃለን። አልስማማ ሲሉ ደግሞ ሁሌም የምትሸጠው ትንሿ ናት። ግቢውን በትንሹ ብናስተካክለው ግን ሁለቱም አብረው ይኖራሉ፤ ወጪውም ከጥቂት የባሕር ዛፍ እንጨትና ከአንድ ተጨማሪ የመኖ ዕቃ አይበልጥም።

የፈረንጅ ዶሮ አትምጣ እያልኩ አይደለም። የሌማት ትሩፋት የሚባለው የመንግሥት መርሐ ግብር ኅዳር 2015 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ ከተጀመረ ወዲህ ዶሮ በየቤቱ የማዳረሱ ነገር በየቦታው ወሬ ሆኗል። ለወሎ ሰው ግን ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ኮምቦልቻ የዶሮ ብዜት ማዕከል ያላት ከተማ ናት። ቁጥሩም ግልጽ ነው። የሐበሻዋ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብትጥል ነው። ቦቫንስ መኖዋ ከተሟላ ወደ 300 ትጠጋለች። ልጆቹን እንቁላል ማብላት የሚፈልግ ሰው የትኛዋን እንደሚመርጥ መጠየቅም አያስፈልግም።

ግን የሐበሻዋ ሥራ እንቁላል መቁጠር ብቻ ሆኖ አያውቅም። ትታቀፋለች። 21 ቀን ቁጭ ብላ ትፈለፍላለች፤ ከዚያ ጫጩቶቿን ይዛ ትዞራለች። ጭልፊት ሲያንዣብብ ቀድማ የምትጮኸው እሷ ናት። ምግቧን ራሷ ትፈልጋለች። ለዶሮ ወጥ ደግሞ ገበያ ላይ የሚጠየቀው የእሷ ሥጋ ነው። ቦቫንስን የመሰለች እንቁላል ጣይ የመታቀፍ ጠባይዋ በማዳቀል ስለጠፋ እንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች። በዚያ ላይ ቦቫንስና ሳሶ ዲቃላ ስለሆኑ፣ ከእነሱ እንቁላል የሚፈለፈለው ጫጩት እናቱን ላይተካ ይችላል። እንግዲህ የሐበሻዋን ሸጦ የፈረንጅ ብቻ የያዘ ሰው፣ ዶሮዎቹ ሲያረጁ እንደገና ካርቶኑን መጠበቅ አለበት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይኸው ነው።

በሌላው ዓለም ይህን የሚያውቁ አሉ። ባንታም የሚባሉ ድንክ ዶሮዎች አሏቸው፤ አንዳንዶቹ አንድ ኪሎ እንኳ አይሞሉም። ከትልልቆቹ ጋር በአንድ ግቢ ያኖሯቸዋል፤ የትልልቆቹን እንቁላል የሚያስታቅፉትም ብዙ ጊዜ እነሱን ነው። ከእነዚህ መካከል ሲልኪ የምትባለው ላባዋ እንደ ጸጉር የለሰለሰ፣ ጠባይዋም ገር ነው። በግርግር መሀል ቶሎ የምትጎዳው ግን እሷ ናት። የአናቷ ላባ ዓይኗን ስለሚሸፍነው ማን እየመጣባት እንደሆነ አታይም፤ ሰውነቷ ላይ ያለው ላባም ውሃ አይከላከልላትም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላርም። የሐበሻ ዶሮ ሁሉ ገር ነው የሚል ካለ ዶሮ አርብቶ አያውቅም። ጫጩት የያዘች የሐበሻ እናት ትልቁን የሳሶ አውራ ዶሮ ከግቢ እስከ በር ስታሯሩጠው ያየ ሰው ይመሰክራል። ሳሶ ደግሞ ለግዙፍነቷ የተረጋጋች ናት። ስለዚህ ኪሎ ብቻውን አይፈርድም። የሚፈርደው ተራ ነው። ኖርዌያዊው የእንስሳት ተመራማሪ ቶርሌፍ ሺልደሩፕ-ኤበ እ.ኤ.አ. በ1921 ባወጣው ጽሑፍ ዶሮዎች መካከል ማን ማንን እንደሚነክስ የታወቀ ደረጃ እንዳለ አሳይቷል። ላይ ያለችው የታችኛዋን ትነክሳለች፤ የታችኛዋ አትመልስም። ደረጃው አንዴ ከተለየ ግቢው ይረጋጋል። አዲስ ዶሮ በገባች ቁጥር ግን ነገሩ እንደ አዲስ ይጀመራል።

ታዲያ አደጋ ላይ ያለችው ማን ናት? ጉትያዋ ዓይኗን የጋረዳት። ብቻዋን ተገዝታ የመጣች ቄብ። እንቁላል ታቅፋ ሦስት ሳምንት ከመንጋው የራቀች እናት፣ ምክንያቱም ስትመለስ የድሮ ቦታዋን ሌላ ይዞት ይጠብቃታል። የታመመች፣ ያነከሰች፣ ላባ የምትቀይር። ግቢ ውስጥ ስንት ዶሮ እንዳለ ከመቁጠር እነዚህን ለይቶ ማወቅ ይበልጣል።

አሁን ወደ መፍትሔው። መጀመሪያ ምግቡ። ጠቡ የሚነሳው ብዙውን ጊዜ እዚያ ነው። አንድ ዕቃ ካለ አንዷ ጉልበተኛ ትዘጋዋለች፤ ሁለት ዕቃ በተራራቀ ቦታ ካለ ግን ሁለቱንም መጠበቅ አትችልም። ውሃውም እንደዚሁ። ለአንዲት ዶሮ የመኖ ገንዳው ላይ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቦታ ያስፈልጋታል። ከዚህ የተሻለው ዘዴ ደግሞ ከፍታ ነው። የሐበሻዋ ቀላል ናት፤ ትበራለች። የሳሶ ዶሮ ከባድ ናት። ሁለተኛውን የመኖ ዕቃ አንድ ሜትር ያህል ከፍ ያለ መደብ ላይ አድርጉት። ትንሿ ዘላ ትወጣለች፤ ትልቋ ከታች ቀና ብላ ታያለች። ለጫጩትና ለቄብ ከሆነ በእንጨት የታጠረች ጠባብ ማዕዘን ትበቃለች። ክፍተቱ ትንሿን ብቻ የሚያስገባ ይሁን። ይህን ለመሥራት አናጢ መጥራት አያስፈልግም።

ስለ መኖ ካነሳን፣ ለእንቁላል ጣይ የሚሸጠው መኖ ካልሲየሙ ብዙ ነው። ገና እንቁላል ላልጀመረች ቄብና ለጫጩት ኩላሊት አይሆንም። ሁሉም ከአንድ ዕቃ የሚበሉ ከሆነ የታዳጊ መኖ ስጡና ለጣዮቹ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ለብቻው አስቀምጡ። የሚያስፈልጋት ሄዳ ትለቅማለች።

ቀጥሎ ቆጡ። ዶሮ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ማደር ትወዳለች፤ ማታ ማታ ያለው ግፊያ ለዚያ ነው። ለአንዲት የሐበሻ ዶሮ አንድ ስንዝር ያህል ቦታ ይበቃታል፤ ለትልቋ ስንዝር ተኩል አድርጉት። ትልልቆቹን ወፈር ባለ እንጨት ዝቅ አድርጋችሁ አሳድሩ፤ ግማሽ ሜትር ይበቃል። ከከፍታ ሲወርዱ እግራቸው ስለሚጎዳ ለእነሱም የሚሻለው ይኸው ነው። ከፍ ያለውን ቆጥ ለትንንሾቹ ተዉላቸው። ልክ በላዩ ግን አይሁን፤ ኩሱ በታችኞቹ ላይ ይወርዳል። የደሴን ብርድ ለሚያውቅ ሰው ከቆጥ ተገፍታ መሬት ላይ ያደረች ዶሮ ጠዋት ምን እንደምትመስል አልነግረውም። ሸለምጥማጥም መጀመሪያ የሚያገኘው መሬት ላይ ያለችውን ነው።

አዲስ ዶሮ ማስገባት ላይ ግን ብዙ ሰው ይቸኩላል። ከባቲ የሰኞ ገበያ እግሯን ታስራ የመጣች ዶሮ ያኑ ዕለት መንጋው መሀል ትለቀቃለች። ይህ በሁለት በኩል አደጋ አለው። አንደኛው ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ነው። ገበያ ላይ የምትሸጥ ዶሮ አንዳንዴ የምትሸጠው ጎረቤት ቤት በሽታ ስለገባ ነው። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ ከተቻለ አንድ ወር፣ ራቅ አድርጎ ማቆየት ነው። ሌላው ድብደባው ነው። ጤናዋ ከታየ በኋላ በሽቦ ወይም በእንጨት አጥር ለይታችሁ ለአንድ ሳምንት ያህል ይተያዩ። ከዚያ ማታ ቆጥ ላይ አስቀምጧት። ብቻዋን ባትሆን ይመረጣል፤ ሁለት ከሆኑ ዱላው ይከፋፈላል። መጀመሪያ ሰሞን ትንሽ መናከስ ይኖራል። አብሽሩ፣ እሱ ያልፋል። ደም ከታየ ግን አያልፍም። ዶሮ ቀይ ነገር ካየች ደጋግማ ትነክሳለች፤ ሌሎቹም ይከተሏታል። የቆሰለችውን ወዲያው አውጡ፤ እስክትድን አትመልሷት። ከዚህ ሁሉ በኋላም አንዷ ሌሎቹን አላስኖር ካለች፣ የተነከሰችውን ሳይሆን ነካሿን ነው ለይቶ ማቆየት። ጥቂት ቀን ርቃ ስትመለስ የድሮ ኩራቷ ይቀንሳል።

የዶሮ ባለሙያዎች ምን እንደሚሉ አውቃለሁ። ዝርያና ዕድሜ አትቀላቅሉ ይላሉ። 500 ቦቫንስ ላለው ሰው ትክክል ናቸው፤ እሱ አንዲት የሐበሻ ዶሮ በሩን እንዳታልፍ ቢከለክል አልፈርድበትም። ስምንት ዶሮ ላላት እናት ግን ይህ ምክር አይሠራም። ሁለት የዶሮ ቤት የላትም። ቢኖራትም ቀን ላይ ሁሉም የሚጭሩት አንድ ግቢ ውስጥ ነው። «አትቀላቅሉ» ተብላ ዝም ከምትባል፣ ስትቀላቅል ምን ታድርግ የሚለውን ብትሰማ ይሻላታል። ጫጩቱ ሲታደል ስለ ክትባትና ስለ መኖ ይነገራል፤ ቤት ስለምትጠብቀው የሐበሻ ዶሮ የሚናገር ሰው ብዙም አልገጠመኝም።

«እንስሳ ናቸው፣ ራሳቸው ይስማማሉ» የሚለው ወገንም አለ። ቦታ ካለ አዎ። የገጠር ዶሮ ብትባረር ቁጥቋጦ ሥር ትገባለች። ሆጤን ወይም ሮቢትን በመሰለ የደሴ ሰፈር፣ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ውስጥ ግን ወዴት ትሂድ? ለሚሸሽ ማዕዘን ያስፈልጋል። ያረጀ ቅርጫት፣ የተደገፈ ጣውላ፣ ሁለት መውጫ ያለው ሳጥን፣ ምንም ቢሆን።

ክትባቱን በተመለከተ አንድ ነገር። ካርቶን ውስጥ ያለችው ብዙ ጊዜ ተከትባ ትመጣለች፤ ግቢው ውስጥ የተወለደችው አትከተብም። ፈንግል ሲገባ መጀመሪያ የምታልቀውም እሷ ናት። ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም ለዚህ በሽታ ክትባት ያመርታል። ችግሩ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ መሆኑና ከተበጠበጠ በኋላ ወዲያው መጠቀም የሚገባ መሆኑ ነው። ስድስት ዶሮ ላላት ሴት ብቻዋን አያዋጣም። መንደሩ በሙሉ አንድ ቀን ቢይዝ ግን ለእያንዳንዱ ቤት የሚደርሰው ወጪ ትንሽ ነው። ወሎ ውስጥ ጎረቤት ለማሰባሰብ ደግሞ ቡና ማፍላት ይበቃል። ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ የስንቱ ጉዳይ ይቆረጣል፤ የዶሮ ክትባት ቀን መቁረጥ አያቅትም።

የታቀፈችዋን ለብቻ ማቆየት ግዴታ ነው። ትልቋ እንቁላል ልትጥል ስትል የታቀፈችውን ገፍታ ጎጆዋ ላይ ትቀመጣለች፤ እንቁላሉ ይሰበራል። ጸጥ ያለ ጥግ፣ ጭድ ያለበት ገል፣ አጠገቧ ጥሬና ውሃ። የፈረንጅ እንቁላል የምታስታቅፏት ከሆነ 8 ወይም 9 ይበቃታል፤ ትልቅ ስለሆነ ከዚያ በላይ ገላዋ አይሸፍነውም። አውራ ዶሮ ከሌለበት ቤት የተገዛ እንቁላል እንደማይፈለፈልም አትርሱ። ከፈለፈለች በኋላ መጀመሪያ ሰሞን ቀን ቀን እንቅብ ወይም የሽቦ አጥር ውስጥ ትቆይ። በነገራችን ላይ፣ መታቀፏን ለማስቆም አፍንጫዋ ላይ ላባ መሰካትና ቁልቁል ማንጠልጠል ይቅር። ጭካኔ ነው። ታቃፊ ዶሮ ደግሞ ጎረቤት የሚለምናት ዶሮ ናት፤ ብታውሷት ይሻላል።

የመጨረሻው አውራ ዶሮው ነው፤ ከሁሉ ከባዱ። የሳሶ አውራ ዶሮ አራት ኪሎ ሊደርስ ይችላል። አንድ ኪሎ ከሩብ የምትመዝን ዶሮ ላይ ሲወጣ ጀርባዋን ይልጣል፤ ጥፍሩ ጎኗን ይቀድዳል። በየቀኑ ከሆነ ትሞታለች። አንድ አውራ ዶሮ ለ8 ወይም ለ10 ሴት ይበቃል፤ የተቀላቀለ መንጋ ውስጥ ያ አንዱ የሐበሻ ቢሆን እመርጣለሁ። ትልልቆቹ ሴቶች በእሱ አይጎዱም፤ ትንሽ ይንጠላጠላል እንጂ ሥራውን ይሠራል። ትልቁን ደግሞ ለትንሣኤ ወይም ለእንቁጣጣሽ ገበያ አውጡት። የዚያን ሰሞን በኪሎው ጥሩ ዋጋ ያወጣል።