ዋጋውን ጠየቃችሁ፣ ሰዓቱን ግን አልጠየቃችሁም

ወገኖቼ፣ ስለ ነፋስ ኃይል የምትከራከሩበት መንገድ ያሳፍራል። እንደ ኳስ ደጋፊ ለሁለት ተከፍላችሁ ትጯጯኻላችሁ። አንዱ «ከሁሉም ርካሹ ነፋስ ነው፣ በቃ!» ይላል። ሌላው «ነፋሱ ሲቆምስ?» ብሎ ይስቃል። አንዱ ቁጥር ይለጥፋል፣ ሌላው የቆመ ተርባይን ፎቶ ይለጥፋል። ከዚያ ሁሉም የየራሱን ወገን ላይክ አድርጎ ይተኛል። መብራት የጠፋ ቀን ደግሞ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ዛሬ ሁለታችሁንም ልቆጣ ነው። የነፋስ ወዳጆችን አስቀድማለሁ፤ የማዳላው ወደ እናንተ ስለሆነ ተግሣጹም ከእናንተ ይጀምር። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው።)

የያዛችሁት ቁጥር እውነት ነው፣ አልክድም። በ2010 የብስ ላይ ከተተከለ አዲስ የነፋስ ማመንጫ የሚወጣ አንድ ኪሎዋት ሰዓት በዓለም አማካይ 11 የአሜሪካ ሴንት ገደማ ይፈጅ ነበር። በ2023 ከ3 ሴንት ብዙም አልዘለለም። ስሌቱ የዓለም አቀፉ የታዳሽ ኃይል ኤጀንሲ ነው። በብዙ ቦታ አዲስ የጋዝም ሆነ የከሰል ማመንጫ ይህን ዋጋ አይችለውም። እዚህ ድረስ ተስማምተናል።

ግን ያ ቁጥር እንዴት እንደተሰላ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ማመንጫው በዕድሜው ዘመን፣ ማለትም በ20 ወይም በ25 ዓመት ውስጥ የሚያስወጣው ወጪ ሁሉ ከነወለዱ ይያዛል። ከዚያ በዚያው ዘመን ለሚያመነጨው ኤሌክትሪክ ሁሉ ይካፈላል። ይኸው ነው። ኃይሉ ሌሊት 9 ሰዓት ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ መጣ ወይስ ምሽት 1 ሰዓት ላይ ሁሉም ቤት መብራትና ምድጃ ሲያበራ፣ ስሌቱ ግድ የለውም። እናንተ ግን ግድ አላችሁ። ምሽት 1 ሰዓት ላይ የሌለ ኤሌክትሪክ ርካሽ ሆነ ውድ ሆነ ምን ይጠቅማችኋል?

የነፋስ ጉልበት ደግሞ ሰው እንደሚገምተው አይደለም የሚወጣው፣ የሚወርደው። ነፋሱ በሰከንድ 12 ሜትር ገደማ ሲነፍስ ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጥ ተርባይን አለ እንበል። ነፋሱ 6 ሜትር ሲሆን ተርባይኑ ግማሹን ይሰጣል ብላችሁ አስባችሁ ከሆነ ተሸውዳችኋል። የሚሰጠው ከስምንት አንድ እጁን ገደማ ነው። ፍጥነቱ በ2 እጥፍ ሲያድግ ጉልበቱ በ8 እጥፍ ያድጋል፤ ሲቀንስም በዚያው ልክ ነው የሚያሽቆለቁለው። ከ3 ወይም ከ4 ሜትር በታች ጭራሽ ምንም አይወጣም። ወደ 25 ሜትር ሲጠጋ ደግሞ ማሽኑ እንዳይጎዳ ራሱን ያቆማል። ስለዚህ «100 ሜጋ ዋት የነፋስ ማመንጫ ተመረቀ» የሚል ዜና ስትሰሙ አታጨብጭቡ አልልም፣ ግን አጨብጭባችሁ ስትጨርሱ «የዓመቱ አማካይ ስንት ነው?» በሉ። የብስ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ25 እስከ 40 ሜጋ ዋት ነው። በደንብ የሚሠራ የኑክሌር ማመንጫ ከ80 በላይ ይሰጣል።

ይህ በተግባር ምን እንደሚመስል ጀርመን ላይ ታይቷል። ዲሴምበር 12 ቀን 2024 ነፋሱ ጸጥ ብሎ ሰማዩ ደመነ። የአንድ ሰዓት ኤሌክትሪክ የጅምላ ዋጋ በሜጋ ዋት ሰዓት ከ900 ዩሮ በላይ ወጣ። በዚያው አገር፣ በዚያው ዓመት፣ ከ400 ለሚበልጡ ሰዓታት ደግሞ ዋጋው ከዜሮ በታች ነበር። ነፋስና ፀሐይ ተርፈው «ውሰዱልኝ፣ እንዲያውም ልክፈላችሁ» የተባለበት ሰዓት ማለት ነው። አማካይ ዋጋ ብቻ ይዞ የሚፎክር ሰው ሁለቱንም አላያቸውም።

«ዴንማርክስ?» ትሉኛላችሁ። አዎ፣ ዴንማርክ ከግማሽ በላይ ኤሌክትሪኳን ከነፋስ ታገኛለች። መብራቷም አይጠፋም። ሁልጊዜ የምትዘሉት ግን ኬብሉን ነው። ዴንማርክ ከኖርዌይና ከስዊድን ጋር በባሕር ሥር ተገናኝታለች። ነፋሷ ሲበረታ ትሸጥላቸዋለች፣ እነሱም የግድባቸውን ውሃ ይቆጥባሉ። ነፋሷ ሲደክም ውሃውን ለቀው ኃይል ይሰጧታል። ከጀርመንም ጋር እንዲሁ ተያይዛለች። ኬብሉ ዋጋ አለው፣ የጎረቤት ግድብም ዋጋ አለው። «ዴንማርክ ቻለች» ስትሉ ይህን አብራችሁ ካልተናገራችሁ ግማሽ እውነት ነው ያወራችሁት።

ባትሪውም እንደዚያው ነው። በ2017 ደቡብ አውስትራሊያ ውስጥ የተተከለው የሆርንስዴል ባትሪ በዓለም ትልቁ ተብሎ ተጨበጨበለት። 100 ሜጋ ዋት ጉልበት፣ 129 ሜጋ ዋት ሰዓት ክምችት ነበረው። እስቲ አካፍሉት፤ በሙሉ ጉልበቱ ቢሠራ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ነው የሚያልፈው። ባትሪው ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም፣ እንዲያውም ድንቅ ነው። ድንቅነቱ ግን ግሪዱ፣ ማለትም የኃይል መረቡ፣ ሲንገዳገድ በሰከንድ ስባሪ ውስጥ ደርሶ መደገፉ ነው። ከዚያ ወዲህ ባትሪዎች በጣም ተልቀዋል፣ በጣምም ረክሰዋል፤ ምሽቱን ያሻግራሉ። ነፋስ የሌለበትን ሳምንት ግን አያሻግሩም። ለዚያ ሳምንት ግድብ፣ ሩቅ መስመር፣ ወይም አብዛኛውን ዓመት ቆሞ የሚጠብቅ የጋዝ ማመንጫ ያስፈልጋል። ቆሞ የሚጠብቅ ማመንጫም ደመወዝ ይበላል።

አሁን ወደ ፌዘኞቹ ልዙር። እናንተ ደግሞ ባሳችሁ።

ፌብሩዋሪ 2021 ቴክሳስ በብርድ ስትመታ ያጋራችሁትን ፎቶ ታስታውሳላችሁ? ሄሊኮፕተር የነፋስ ተርባይን ክንፍ ላይ በረዶ ሲያራግፍ ይታያል። «ይኸው አረንጓዴ ኃይላችሁ!» ብላችሁ ስንቱን ሳቃችሁበት። ፎቶው የቴክሳስ አልነበረም። ከዓመታት በፊት ስዊድን ውስጥ የተነሳ ነበር። ቴክሳስ ውስጥ የሆነውን የፌዴራል ተቆጣጣሪዎች አጣርተው ጽፈውታል። በቴክሳስና በዙሪያዋ በዚያ ብርድ ከተስተጓጎሉት የማመንጫ ዩኒቶች 58 በመቶው የጋዝ ነበሩ። የነፋሶቹ 27 በመቶ ነበሩ፣ እሱም ትንሽ አይደለም። ግዛቲቱ በይፋ የቆጠረችው የሟች ቁጥር 246 ነው።

የጋዙ ነገር እንዴት እንደተበላሸ በቅርበት ማየት ያስፈልጋል። የጋዝ ጉድጓዶችና ቧንቧዎች በረዱ። ማመንጫዎች ጋዝ አጥተው ቆሙ። ግሪዱ እንዳይወድቅ ኃይል በየሰፈሩ ተቆረጠ። ከተቆረጠባቸው መካከል ጋዙን የሚገፉት ጣቢያዎች ራሳቸው ነበሩበት፤ በኤሌክትሪክ ነበር የሚሠሩት! ጋዙ ይበልጥ አነሰ፣ ማመንጫው ይበልጥ ቆመ። የሚያናድደው ደግሞ ይህ ነው፦ በ2011 ተመሳሳይ ብርድ መጥቶ ተመሳሳይ ችግር ተፈጥሮ ነበር። «ማሽኖቻችሁን ለብርድ አዘጋጁ» የሚል ምክር ያኔውኑ ተጽፏል። ምክር ብቻ ሆኖ ቀረ እንጂ የሚያስገድድ ሕግ አልሆነም። ነፋስም ሆነ ጋዝ፣ ያልለበሰ ማሽን ብርድ ላይ ይቆማል። ለማልበስ ገንዘብ ያስፈልጋል፣ ያንን ገንዘብ ደግሞ በደህና ቀን ማንም ማውጣት አይፈልግም።

እንግሊዝንም ልጨምር። ኦገስት 9 ቀን 2019፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ሊሞላ 8 ደቂቃ ሲቀረው፣ ከለንደን በስተሰሜን አንድ ማስተላለፊያ መስመር ላይ መብረቅ ወረደ። ተራ ነገር ነው፣ መስመሩም ወዲያው ተመለሰ። ግን በዚያችው ቅጽበት ሆርንሲ የተባለው የባሕር ላይ የነፋስ ማመንጫ አብዛኛውን ኃይሉን አጣ። ሊትል ባርፎርድ የተባለው የጋዝ ማመንጫም አብሮ ወደቀ። አንዱ ነፋስ፣ አንዱ ጋዝ። 50 መሆን ያለበት ፍሪኩዌንሲ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመታበት ቁጥር፣ ወደ 48.8 ኸርዝ ወረደ፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ደንበኞችም በአውቶማቲክ ተቆረጡ። ሦስት ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ኃይሉ ለሁሉም ተመለሰ።

ባቡሮቹ ግን አልተመለሱም። አንድ ዓይነት አዲስ ሥሪት ባቡር ፍሪኩዌንሲው ከ49 በታች ሲሆን ራሱን እንዲያጠፋ ተደርጎ ኖሯል። ጠፋ። ከዚያ ግማሽ ያህሎቹን ሹፌሩ ማስነሳት አቃተው። ቴክኒሻን ላፕቶፕ ይዞ በየባቡሩ መዞር ነበረበት። መንገደኛው መሐል ሐዲድ ላይ ለሰዓታት ተቀመጠ። ለዚህ የነፋስ ወቀሳ የት ላይ ይግባ? አስተማማኝነት ማለት እኮ መቼም የማይወድቅ ማሽን ማለት አይደለም። እንደዚያ ያለ ማሽን የለም። አንዱ ሲወድቅ ሌላው እንዳይከተለው የተሰናዳ ሥርዓት ነው የሚያስፈልገው፤ ከነሶፍትዌሩ፣ ከነላፕቶፑ።

«የማይዋዥቅ» የምትሉትን ሁሉ እንያቸው ካላችሁም እንያቸው። ውሃ? ድርቅ የካሪባን ሐይቅ ሲያጎድለው ዛምቢያና ዚምባብዌ ስንት ጊዜ ጨለማ ውስጥ እንደገቡ ታውቃላችሁ። ኑክሌር? በ2022 ፈረንሳይ ውስጥ ቧንቧ ላይ በተገኘ ስንጥቅና በተጓተተ ጥገና ምክንያት ከ56ቱ ሪአክተሮች ግማሽ ያህሉ በአንድ ጊዜ ቆመው ነበር። ኃይል ስትሸጥ የኖረች አገር ገዢ ሆነች። የፍላማንቪሉ አዲስ ሪአክተር ደግሞ በ2012 ሊያልቅ ታቅዶ ከግሪዱ ጋር የተገናኘው በ2024 መጨረሻ ነው። 3.3 ቢሊዮን ዩሮ ተብሎ የተጀመረው ከ13 ቢሊዮን አለፈ። ጋዝ? ኦገስት 2022 ላይ አውሮፓ ውስጥ በሜጋ ዋት ሰዓት ከ300 ዩሮ በላይ ተሸጧል፤ ከቀውሱ በፊት 20 ዩሮ አካባቢ ነበር። ማመንጫዎቹ አልተበላሹም፣ ነፋሱም አልቆመም። የቧንቧው ጌታ ሩሲያ ናት ቧንቧውን የዘጋችው።

ከዋጋው ሳልወጣ አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ሁለታችሁም ትስቱታላችሁ። ነፋስ ነዳጅ አይገዛም፣ ወለድ ግን ይከፍላል። የጋዝ ማመንጫ በርካሽ ይሠራል፣ ከዚያ ዕድሜ ልኩን ነዳጅ ይገዛል። የነፋስ ማመንጫ ግን ገንዘቡን አብዛኛውን በመጀመሪያው ቀን ይበላል፣ እሱም ብድር ነው። ስለዚህ የባንክ ወለድ በጥቂት በመቶ ሲጨምር ያው ተርባይን፣ ያው ነፋስ፣ ሌላ ዋጋ ይሆናል። በ2023 ብሪታንያ የባሕር ላይ ነፋስ ጨረታ አውጥታ አንድም ተጫራች አልመጣላትም። ብረትና ወለድ ተወዶ ሳለ መንግሥት የሰጠው የዋጋ ጣሪያ ዝቅ ያለ ነበር። በማግሥቱ ዓመት ጣሪያው ከፍ አለ፣ ተጫራቾቹም መጡ። ስለዚህ «ነፋስ ስንት ነው?» ለሚል ሰው መልሱ «በስንት ወለድ?» ነው።

በመጨረሻ የማልምራችሁ ነገር ቀረ። ሁለታችሁም አንድ የምትሆኑበት ቦታ አለ፤ መስመሩ በደጃችሁ እንዳያልፍ ስትጮኹ።

ጀርመን ነፋሱ ሰሜን ነው፣ ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ደቡብ ናቸው። ሱድሊንክ የሚባል 700 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ መስመር ሁለቱን ያገናኝ ተባለ። ሰው «ምሰሶው መልክዓ ምድራችንን ያበላሻል» ብሎ ሰልፍ ወጣ። በ2015 መንግሥት ተሸንፎ መስመሩ በመሬት ሥር ይቀበር አለ። እንደ አዲስ ጥናት፣ እንደ አዲስ ቁፋሮ፣ በብዙ እጥፍ ወጪ። በ2022 ያልቃል የተባለው ወደ 2028 ተገፋ። እስከዚያ ድረስ መስመሩ ሲጣበብ በሰሜን ያለው ተርባይን «ቁም» ይባላል፣ ለቆመበትም ይከፈለዋል። በደቡብ ደግሞ ሌላ ማመንጫ ይነሳል፣ ለእሱም ይከፈለዋል። ይህ በዓመት ቢሊዮኖች ዩሮ ይፈጃል፣ ገንዘቡም ከየቤቱ የመብራት ሂሳብ ላይ ነው የሚቆረጠው። ሂሳቡ ሲመጣ ያው ሰልፈኛ «ነፋስ ውድ ነው» ይላል።

እኛም ዘንድ እንዲህ ያለ ስብሰባ ሲጠራ ሂዱ። ምሰሶው አይለፍብን ካላችሁ መብታችሁ ነው፣ ተናገሩ። ግን እጃችሁን ከማውጣታችሁ በፊት መስመሩ በሌላ በኩል ሲዞር፣ ወይም ሲቀበር፣ ወይም ጨርሶ ሲቀር ስንት እንደሚያስከፍል ጠይቁና መልሱን ከተቃውሟችሁ ጋር ቃለ ጉባኤው ላይ አስጽፉት።