የ2 ዩሮ ከ80 ሳንቲም ሻይ

ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ፣ ገና ከአልጋዬ ሳልወርድ፣ ስልኬ ጮኸ። በዚያ ሰዓት የሚደውል ከአገር ቤት ብቻ ነውና ደንግጬ ሳነሣው፣ ወጥ ቤት የምንጋራውና ከጎኔ ባለው ክፍል የሚኖረው ጀርመናዊ ጓደኛዬ መልእክት ልኮልኝ ኖሯል። «ሰላም! እሑድ ለጠጣኸው ሻይ 2 ዩሮ ከ80 ሳንቲም» ይላል፤ ከሥሩም የምትስቅ ቢጫ ፊት አለች። ይህን ሲጽፍ ከግድግዳው ወዲያ ሲያስል እሰማው ነበር።

ሻዩን የጋበዘኝ እሱ ነው፤ ወይም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። «ና ሻይ እንጠጣ» ማለት በእኛ አገር ግብዣ ነው፤ እዚህ ጀርመን፣ ላይፕዚግ ከተማ ግን ሁለት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ላይ የየራሳቸውን ሻይ ቢጠጡ ምን ይመስልሃል የሚል አሳብ ብቻ ነው። አስተናጋጇ መጥታ «በአንድ ላይ ነው ወይስ ለየብቻ?» ስትል (ይህን ሳይጠይቅ ሒሳብ የሚቀበል አስተናጋጅ በዚህ ከተማ እስካሁን አልገጠመኝም) እሱ ፈጠን ብሎ «በአንድ ላይ» አለ። እኔም በልቤ እስከ ልጅ ልጁ ድረስ መረቅሁት። ያን ምርቃት አሁን መልሼ መውሰድ እፈልጋለሁ።

በአገራችን ሒሳብ መክፈል ግብግብ ነው። አንዱ «እኔ እያለሁ!» ይላል፣ ሌላው «በሞቴ!» ይላል፣ አስተናጋጁም የማንን ብር ተቀብሎ ማንን እንደሚያስቀይም ጨንቆት ይቆማል። ስድስት ኪሎ ስማር በአንድ ማኪያቶ ሒሳብ ሁለት ሰዎች አራት ጊዜ ሲሞቱ አይቻለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ከሚሞቱት ሁሉ የሚከፍለው ጥቂቱ ነው። አንድ የክፍል ጓደኛ ነበረን፤ «በሞቴ» በማለት የሚቀድመው አልነበረም፤ እጁ ግን ኪሱ ውስጥ ይገባና በዚያው ይቀራል። ያ እጅ አራት ዓመት ሙሉ ኪስ ውስጥ ምን ሲሠራ እንደኖረ ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። ያን ጊዜ እንደ ጎረቤቴ ቁጭ ብዬ ብጽፍበት ኖሮ ቢያንስ አንድ የክረምት ጃኬት ይወጣው ነበር።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን ተረት እጅግ እወደዋለሁ፤ ወደዚህ ስመጣም ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር ይዤው የመጣሁት ስንቄ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ቤቱን ለሚጋሩኝ ልጆች ተርጉሜ ነግሬያቸው፣ ሦስቱም ራሳቸውን ነቅንቀው «ትክክል ነው» አሉኝ። ያን ጊዜ ደስ አለኝ። በኋላ ማቀዝቀዣውን ስከፍት ገባኝ፤ እያንዳንዱ መደርደሪያ ባለቤት አለው፣ ወተቱ ስም ተጽፎበታል፣ እንቁላሉ ተቆጥሯል። ለካ ተረቱን ከእኔ ይልቅ እነሱ ተረድተውታል! ሃምሳው ሰው ሎሚ ያዘ ይላል እንጂ፣ አንዱ ለሌላው ሎሚ ገዛለት የት ላይ ይላል?

ሎሚውን ለመቁጠር የምገደደው ደግሞ እኔ ራሴ ነኝ። ቪዛ ከማግኘቴ በፊት 11,904 ዩሮ ብሎክድ አካውንት (እንደልብ የማይወጣበት የባንክ ሒሳብ) ውስጥ እንዳስገባ ተጠይቄ፣ ያ ገንዘብ አሁን በየወሩ 992 እየተመዘነ ይለቀቅልኛል፤ የቤት ኪራዩና የጤና መድኑ ከዚያው ላይ ነው። ቴሌቪዥን ይኑረው አይኑረው እያንዳንዱ ቤት ለብሮድካስት በወር 18 ዩሮ ከ36 ሳንቲም ይከፍላል፤ ለእኛ ቤት ደብዳቤው የመጣው በእኔ ስም ነው። ይቅርታ፣ በእኔ ስም አይደለም፤ በአባቴ ስም ነው። እዚህ አገር የመጨረሻው ስም የቤተሰብ ስም ነው ስለሚባል፣ ደብረ ማርቆስ በረንዳው ላይ ጋቢውን ለብሶ የተቀመጠው አባቴ ላይፕዚግ ማስተርሱን እየተማረ ነው። ፈተና የሚጠራው እሱ ነው፣ ላይብረሪ መጽሐፍ ያዘገየው እሱ ነው፣ በር ላይ ደወሉ የእሱ ነው። አንድ ቢሮ ሄጄ፣ እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፣ ይህ የአባቴ ስም ነው ብዬ በተሰባበረ ጀርመንኛ ሩብ ሰዓት አስረዳሁ። ሠራተኛዋ በትዕግሥት ሰምታኝ ስታበቃ «ገብቶኛል፣ አቶ እገሌ» ብላ አባቴን ጠራችው። እንግዲህ ምን ይደረጋል? ሰው ፊደል ሲቆጥር አድጎ፣ እናቱ ያወጣችለትን ስም አገር አቋርጦ መጥቶ ያጣዋል!

ስለዚህ የሻዩም ዕዳ፣ በሕግ ቢታይ፣ የአባቴ ነው። በዕድሜው የሰው ሻይ ጠጥቶ ሳይመልስ ያደረ ሰው አይደለም፤ ይህን ቢሰማ ባቡር ሳይሆን በቅሎ ጭኖ ይመጣል።

እንዲህ ስል ከአልጋዬ ሥር ያጠራቀምኳቸውን ባዶ ላስቲክ ጠርሙሶች አወጣሁ። አንዱ ወደ ሱቅ ሲመለስ፣ ሲገዛ የተያዘበትን 25 ሳንቲም ያስመልሳል፤ 12 ነበሩ። ሱፐርማርኬቱ በር ላይ ማሽኑ አንድ በአንድ ዋጣቸው፤ በወጣልኝ ወረቀት ካሸሯ 3 ዩሮ ሰጠችኝ። ጎረቤቴን ወጥ ቤት አግኝቼ እጁ ላይ አስቀመጥኩና «መልሱን ተወው!» ብዬ፣ እንደ አንድ የጎጃም ሰው ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

ማታ ስመለስ በሬ ሥር የታጠፈች ወረቀት ተሰክታ ነበር። ስከፍታት የ20 ሳንቲም ሳንቲም ወደቀ፤ ወረቀቷ ላይ የመቀነስ ሒሳቡ በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ ተሠርቶ፣ ከጎኑ የምትስቅ ፊት ተስሏል።