ዕጩው እርፍ ጨበጡ

ምርጫ ቀረበ በተባለ ቁጥር ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ሸዋ የሚወጣው መንገድ የሚሠራውን ተአምር አይተን እንዳላየን ማለፋችን ትልቅ ውለታ ቢስነት ነው። አንድ የከተማ ሰው ማለዳ ከቤቱ ሲነሣ ሱፍ የለበሰ፣ ክራቫት ያሰረ የቢሮ ሰው ነው። 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ደብረ ብርሃን ላይ ቁርስ ሲቀርብለት ክራቫቱ ወልቋል። ጣርማ በር ደርሶ፣ ዋሻው ውስጥ ሳይገባ የደሴን መንገድ ትቶ ወደ መንዝ ሲታጠፍ አነጋገሩ ይለወጣል፤ ከኮረብታ ወዲያ የሚጣራ ይመስል ድምፁን ይለቀዋል። መሐል ሜዳን አልፎ ገጠር ቀበሌ ሲደርስ ደግሞ ከመኪናው የሚወርደው በርኖስ የደረበ፣ ዱላ የያዘ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሲያርስ የኖረ የሚመስል ሰው ነው። ገብስ እንኳ ተዘርቶ እስኪታጨድ ወራት በሚፈጅበት አገር ገበሬን በግማሽ ቀን አብቅሎ የሚያደርስ መንገድ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም።

አንባቢዬ የማመሰግነውን ሰው ዐይነት ስለሚያውቀው ማስተዋወቅ አያስፈልገኝም። ለክልል ምክር ቤት የሚወዳደሩት «የገበሬ ልጅ» ናቸው። የየትኛው ፓርቲ ዕጩ እንደሆኑ መጠየቅም ትርፉ ድካም ነው፤ ይህ በርኖስ ከፓርቲ ወደ ፓርቲ፣ ከፓርቲም ወደ ግል ተወዳዳሪ የሚዘዋወር የጋራ ንብረት ነውና።

ባለፈው ወር ለዘመድ ተዝካር ወደ መንዝ ወጥቼ ሰንብቼ ነበር። ወሩ በገባ በ21፣ የማርያም ዕለት መሆኑ ነው፣ ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ከጽዱ ሥር አረፍ እንዳለ ሁለት መኪና መጣ፤ ክቡር ዕጩአችንም ከፊተኛው ወረዱ። የለበሱት በርኖስ ጥቁር፣ የትከሻው ሹል ቀጥ ብሎ የቆመ፣ እውነተኛ የመንዝ በግ ጠጕር ነው፤ ይሁን እንጂ ከሻንጣ የወጣበት እጥፋት ጀርባቸው ላይ መስቀል ሠርቶ ይታያል፤ የናፍታሊኑም ሽታ ከዕጣኑ ጋር ይፎካከር ነበር። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰብስበው «ይኼ በርኖስ ገና ዝናብ አያውቅም» አሉ።

በዚህ ረገድ እንኳ ዕጩአችን ሊመሰገኑ ይገባል፤ ቢያንስ በርኖሱን የለበሱት ደጋ ላይ ነው። ከዚህ ቀደም በነበረ ምርጫ አንድ ባልንጀራቸው ዋሻውን አቋርጦ፣ ደብረ ሲናን አልፎ፣ በርኖሱን ሳያወልቅ ሸዋ ሮቢት ወርዶ በቆላው ፀሐይ ገበያ መሐል ቆሞ ስለ መስኖ ሲናገር፣ ላቡ ከንግግሩ ቀድሞ መስኖ ሆኖ ነበር።

ንግግራቸው «እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ» ተብሎ ተጀመረ፤ በዚያው ቀጠለ፤ በዚያው አለቀ። ሥራ ፈት ነኝና ስቆጥር 11 ጊዜ ደረሰልኝ። መሐል ላይ ጠላ ቀረበላቸው፤ ጣሳውን ከፍ አድርገው ወደ ከንፈራቸው አስጠጉ፤ ፎቶ ተነሡ፤ ጣሳው እንደ ሞላ ተመለሰ። የታሸገው ውኃቸው መኪናው ውስጥ ነበር። ይህን ሁሉ ባለፍኩት ነበር፤ ብዕሬን ያስነሣኝ ከዚህ በኋላ የመጣው ነው።

«እስቲ በሬ ጥመዱልኝ፤ እጄ እርፍ ናፍቆታል» አሉ።

ከጽዱ ሥር ጸጥታ ወረደ። ቄሱ ሳሉ። የመንዝ ልጅ ፊደል ከመቁጠሩ በፊት በዓል ይቆጥራል፤ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ መሆኑን፣ በእነዚህ ቀናትም ቀንበር ከተሰቀለበት እንደማይወርድ ከጡት ጋር ጠብቶ ያድጋል። ዕጩአችን ያን ዕለት የመረጡት ሕዝብ ተሰብስቦ ስለሚገኝ ነው፤ ለምን እንደሚሰበሰብ ግን አልጠየቁም። እንግዳን፣ ያውም መኪና ያለውን እንግዳ፣ እንቢ ማለት ስለሚከብድ የጎረቤታችን የአንድ ሽማግሌ በሬዎች ተፈለጉ። ሽማግሌው ተነሥተው «ጌታዬ፣ ዛሬ እኮ ማርያም ናት» ቢሏቸው ዕጩው ትከሻቸውን መታ መታ አድርገው «እርሷማ መቼም ትረዳናለች፣ አባባ» ሲሉ መለሱላቸው። ከቀበሌ የመጡት ሰዎች ሽማግሌውን ዐይን ዐይናቸውን አዩአቸው። በሬዎቹ መጋላና ዳልቻ ተጠመዱ።

ክቡር ዕጩ እርፉን እንደ መኪና መሪ በሁለት እጃቸው ጨበጡት። ለጅራፉ እጅ ስላልተረፈ እንደ ሻርፕ አንገታቸው ላይ ጣሉት። ሦስት ፎቶ አንሺዎች ከፊት፣ ከጎንና ከድንጋይ ካቡ ላይ ቦታ ያዙ። ማረሻው በመጀመሪያ መሬቱን ፋቀው፤ «ጫን ይበሉት» ሲባሉ ጫኑት፤ ቀጥ ብሎ ገባ፤ በሬዎቹ ቆሙ። ሽማግሌው አላስችል ብሏቸው ሞፈሩን ሊያቀኑ ሲገቡ አንደኛው ፎቶ አንሺ እጁን አወናጨፈ፤ ልብሳቸው ቆሽሿል፤ ደግሞም ሥዕሉን ያጨናንቃሉ። ሽማግሌው ወጡ። በሬዎቹም እንቢ አሉ፤ የሚያውቁት የጌታቸውን ድምፅ ነውና። በዚህ ጊዜ ያ ፎቶ አንሺ ስለ አገራችን ምርጫ ከተነገሩት ሁሉ አጭሩንና ትክክለኛውን ቃል ተናገረ፦

«አባባ፣ እርስዎ ከፎቶው ይውጡልን፤ ድምፅዎን ግን ይስጡን!»

ሽማግሌው ካቡ ሥር ተጎንብሰው «ሂድ መጋላ! ዳልቻ!» እያሉ ድምፃቸውን ሰጡ። ዕጩው ሄዱ። እንዳልኩት ሦስት ፎቶ አንሺዎች ናቸውና አንዱ «አማረ» ሲል ሌላው «ጥላ ወደቀብኝ» ይላል፤ ሁለተኛ ትልም ተጀመረ። ዳልቻ ወደ ግራ ገፋ፤ መጋላ ግራ ገባው። በሦስተኛው ትልም የበርኖሱ ጫፍ ድግሩ ላይ ተጠመጠመ። በአራተኛው፣ ጥሩ ፎቶ ሊሆን በነበረው፣ መጋላ እበት ጣለ፤ የገበሬ ልጅም እርፉን ለቀው ጫማቸውን በሶፍት አስጠረጉ። በአምስተኛው «ወደዚህ እያዩ ይሣቁ» ተባሉና አንገታቸውን ወደ ኋላ አዙረው እየሣቁ አረሱ። ወንጌሉ እርፍ ይዞ ወደ ኋላ የሚመለከት ሰው ለእግዚአብሔር መንግሥት እንደማይበቃ ይናገራል፤ ስለ ክልል ምክር ቤት ግን ያለው ነገር ስለሌለ ዕጩአችን ምንም ስሕተት አልሠሩም። በስድስተኛው ትልም ሕፃናት መሣቅ ጀመሩ። በሰባተኛው ሕፃናቱም ሰለቻቸው። መሬቱን ቆሜ ሳየው እባብ ሰክሮ የሄደበት ይመስል ነበር።

ከዚያም እጃቸውን አስታጥበው ስለ መንገድ ቃል ገቡ።

እዚህ ላይ ቀልዱ ለጊዜው ይቅርብኝ። ያ መንገድ የሌለው ቁልቁለት ባለፈው ክረምት ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ የወረደችበት ነው። ስምንት ሰው እየተፈራረቀ ተሸክሟት፣ በጭቃው እየተንሸራተተ፣ መኪና ከሚገባበት ሲያደርሳት መሽቶ ነበር። እናቲቱ ተረፈች፤ ልጇ አልተረፈም። ቃሬዛውን ከተሸከሙት ሁለቱ ያን ዕለት ከፊት ተቀምጠው ዕጩው «ያን ቁልቁለት ለእኔ ትነግሩኛላችሁ? በልጅነቴ በቂጤ ተንሸራትቼበታለሁ!» ብለው ሲሥቁ ይሰሙ ነበር። ምኑ ነው የሚያሥቀው? ሰው የሚያልቅበትን ገደል የልጅነት ጨዋታ አድርጎ ሬሳ ላወጣበት ሰው መተረክ፣ በዚያም ላይ ጭብጨባ መጠበቅ ነውር ነው። ነውር የሚባል ቃል ነበረን፤ ማን ወሰደብን? ይባስ ብሎ ተጨበጨበ። እኔም አጨብጭቤአለሁ፤ ያፈርኩት ማታ ነው።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። መንገዱን በተመለከተ ከ1987 እስከ 2013 በተደረጉት ስድስት ጠቅላላ ምርጫዎች ዕጩዎች ሲለዋወጡ እርሱ ግን አንድም ጊዜ ከንግግር እንዳልቀረ የአካባቢው ሰዎች አጫውተውኛል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው፤ ልዩነቱ የእኛዋ ላም በየአምስት ዓመቱ አዲስ እረኛ የሚሾምላት መሆኑ ብቻ ነው።

ዕጩአችን የሚሄዱበት ምክር ቤት ምን እንደሚሠራ አንድ ዐረፍተ ነገር እንኳ አለማባከናቸውም የሕዝቡን ጊዜ ከማክበር የመነጨ መሆን አለበት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 50 የክልል ምክር ቤት የክልሉ ከፍተኛ የሥልጣን አካል እንደሆነ፣ ተጠሪነቱም ለወከለው ሕዝብ እንደሆነ ይናገራል፤ በአንቀጽ 12 ደግሞ ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ባጣ ጊዜ ከቦታው ሊያነሣው እንደሚችል ይደነግጋል። ይህን ከጽዱ ሥር መናገር፣ መጋላ ፊት ቆሞ ጅራፉን ለመጋላ እንደ ማስረከብ ያለ ሞኝነት ነው። ደግሞስ ምክር ቤቱ ያለው ባሕር ዳር ነው፤ ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ በአዲስ አበባ በኩል ዞሮ ለሚሄድ ሰው ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከዚያ ሆኖ የመንዝ ገበሬ ሲጣራ አልሰማም ብሎ ሰውን መውቀስ ግፍ ነው።

በንጉሡ ዘመን፣ በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሕዝብ እንደራሴዎች ለሚቀመጡበት ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው በሚመረጥበት ወረዳ የሚኖርና በዚያው ንብረት ያለው እንዲሆን ያስገድድ ነበር። የመጀመሪያው የሕዝብ ምርጫ የተካሄደውም በዚህ ደንብ ነው። ድኻን ከደጅ የሚመልስ ክፉ ደንብ ስለነበር መቅረቱ መልካም ሆነ፤ ዛሬ ዕጩ በሚወዳደርበት ቀበሌ መሬትም፣ ጎጆም፣ ዶሮም እንዲኖረው የሚጠይቀው የለም፤ በርኖሱን ብቻ አይርሳ።

አንድ ነገር ግን አሁንም አልገባኝ እንዳለ ነው። የገበሬ ልጅ መሆን ለወንበር ይህን ያህል የሚያበቃ ከሆነ፣ ገበሬ መሆንማ ምን ያህል ባበቃ! ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 38 መምረጥንና መመረጥን ለአንድ ዜጋ ጎን ለጎን የሰጠ ሲሆን፣ ገበሬው የመምረጡን ግማሽ ብቻ ተቀብሎ የመመረጡን ግማሽ ለልጁ፣ ያውም ከተማ ለገባው ልጁ፣ እንዲያወርስ ያደረገው የትኛው ንዑስ አንቀጽ ነው? እነዚህ ከጽዱ ሥር የተቀመጡ ሰዎች መምረጥ የማያውቁ ሆነው አይደለም። የመንዝን የጋራ ግጦሽ፣ የጓሳን ሣር፣ በአባቶቻቸው ሥርዓት ለዓመታት ዘግተው ሲያቆዩ፣ የሚከፈትበትን ጊዜ ተመካክረው ሲቆርጡ፣ ጠባቂውንም ከመካከላቸው መርጠው ሲሾሙ የኖሩ ሰዎች ወገን ናቸው። ያን ጠባቂ የሚመርጡት የማን ልጅ እንደሆነ ስለነገራቸው ሳይሆን ጎረቤታቸው ስለሆነ፣ በጉንም አጥሩንም ስለሚያውቁ ነው። ሣሩን ሲያስበላ ቢገኝም ቤቱን ያውቁታል። ዕጩአችን ግን ስልክ ቁጥራቸውን እንኳ ሳይሰጡን ሄዱ።

ማታ የሽማግሌው ልጅ ፎቶውን በስልኩ አሳየን። «ከሕዝባቸው ጋር» የሚል ጽሑፍ ከሥሩ አለበት። ሕዝብ ግን የለም፤ ያለው በርኖስ፣ ፈገግታና ሁለት በሬ ነው። ሽማግሌው ስልኩን ወደ ኩራዙ አስጠግተው ብዙ አዩት፤ ራሳቸውን እየፈለጉ ይመስለኛል። ካቡ ሥር ተጎንብሰው የነበሩበት ቦታ ተቆርጧል።

በሬዎቹ ግን አልተቆረጡም፤ መጋላንና ዳልቻን ደግሞ የደብሩ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። በማርያም ዕለት ተጠምደው በፎቶ ታትመዋልና በማግሥቱ የንስሐ አባታቸው ሽማግሌውን አስጠርተው 40 ስግደት አዘዙባቸው። እኔ ልመለስ ስነሣ ደጃፋቸው ላይ ጉልበታቸውን እያሹ አገኘኋቸው።

«ዐሥራ ሁለት ቀረኝ» አሉኝ፤ ትንሽ ቆይተውም «ለመሆኑ ልጄ፣ እኚያ ሰውዬ ንስሐ አባት አላቸው ይሆን?» ሲሉ ጠየቁኝ።