ሙያ በ«ፐ!» ነው

እኔ ምለው፣ የአማተር ፎቶ አንሺ ጓደኞቹን ስራ አይቶ አስተያየት የሚሰጥ ሰው እስካሁን ሜዳሊያ ያልተንጠለጠለለት ለምንድነው? ሰው ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ትሪፖድ ተሸክሞ ጣቱ በብርድ ደንዝዞ ያነሳውን ፎቶ በሁለት ሴኮንድ አይቶ በአንዲት ፊደል «ፐ!» ብሎ መዝጋት ቀላል ችሎታ መሰላችሁ እንዴ። ፎቶው ራሱ እኮ 1/250 ሴኮንድ ነው የፈጀው፣ እንደውም እኛ ብዙ ነው የቆየንበት።

«ከአይን ያውጣህ» የሚሉትን ደግሞ ለብቻቸው ነው የማደንቃቸው። ፎቶው ላይ አይናቸውን ሳያሳርፉ ነው የሚመርቁት፣ ስለዚህ ምርቃቱ ቢያንስ በነሱ በኩል ወዲያው ሰምሯል።

ከዛ ባለ ካሜራው አለ። ምንም ብታሳዩት «በምን ነው ያነሳኸው?» ነው። ከግድግዳ ራቅ ብላ የቆመች ልጅ ፎቶ አሳየሁት፣ «50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ቀዳዳው ኤፍ 1.8» ስለው «አሃ፣ ለዛ ነዋ ጀርባው የጠፋው» አለና እፎይ አለ፣ አንድ ትልቅ ምስጢር የተፈታለት ነው የሚመስለው። ወደ ልጅቷ መጠጋቴና ግድግዳው ከኋላዋ መራቁም ጀርባውን እንዳደበዘዘው፣ ጉንጯ ላይ ያረፈችው ብርሃን እስክትመጣ ስንት እንደጠበቅኩ፣ እሱን አያገባውም። ምስጋናውን ለሌንሱ ሰጥቶ ሄደ። ሌንሱም ደስ ሳይለው አይቀርም።

የህግ ሰዎቻችንንስ ማን ይረሳል! የሲሶ ህግ፣ ፎቶውን በቁመትም በአግድምም ሶስት ቦታ ከፍለህ ዋናውን ነገር መስመሮቹ ላይ አድርግ የሚለው፣ ካልተከበረ እንቅልፍ የማይወስዳቸው። ህጉን በዚህ ስሙ የጠራው ጆን ቶማስ ስሚዝ የሚባል እንግሊዛዊ ሰዓሊ ነው፣ በ1797 እ.ኤ.አ.፣ ስለ ስዕል ሲጽፍ፣ ካሜራ የሚይዘው ፎቶ የሚባል ነገር ገና ሳይኖር። ይሄ ግን የኛን ዳኞች አያግዳቸውም። ኒሴፎር ኒዬፕስ በ1820ዎቹ እ.ኤ.አ. ከመስኮቱ ያነሳት፣ እስከዛሬ ከተረፉት የካሜራ ፎቶዎች ቀዳሚ የምትባለዋ፣ ዛሬ እነሱ እጅ ብትገባ ኖሮ «ነጠብጣቡ (ኖይዙ) በዝቷል፣ ሻርፕ አይደለም፣ ደሞ ፀሐይ እንዴት ግራና ቀኙን ግድግዳ እኩል ታበራለች፣ ኤዲት ነው» ተብላ ነበር የምትመለሰው። ፎቶዋን ለመያዝ ብዙ ሰዓት ስለፈጀ ፀሐይዋ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ተሻግራ እንደሆነ ማን ይጠይቃል፣ መጠየቅ ያደክማል።

የሁሉም መሰረት ግን ያው እከክልኝ ልከክልህ ነው። ሂሳቡም በልብ ይያዛል፣ እኔ ለምሳሌ አሁን የአንድ ጓደኛዬ አራት «ፐ!» አለብኝ፣ ሁለቱ ለጀንበር መጥለቂያ ናቸው።

እና በዚህ በሚያምር ሰላም መሃል ነው አንድ ሰው የተከሰተው። ዝናብ ካባራ በኋላ ያነሳኋትን፣ ኩሬ ውሃ የሚዘል ልጅ ያለባትን ፎቶ ስልኬን እያዞርኩ አሳየሁ፣ «ፐ!» «እሳት!» «እጅህ ይባረክ!» እየተባለ ዞሮ ዞሮ እሱ ጋ ሲደርስ ቆመ። ስልኬን ይዞ ዝም አለ። በሁለት ጣቱ አቀረበ፣ መለሰ፣ ደግሞ አቀረበ። እኔ የሆነ ነገር የሚያጠፋብኝ መስሎኝ ልቀማው ምንም አልቀረኝ።

«እግሩ ውሃውን ሳይነካ የያዝከው በጣም አሪፍ ነው» አለ፣ «ውሃው ውስጥ ያለው ምስሉ ከስር ሊቀበለው የተዘጋጀ ነው የሚመስለው። ግን የመብራት ምሰሶው ከጭንቅላቱ በቅሏል፣ ግማሽ እርምጃ ወደ ግራ ብትል ይለቀው ነበር። ደሞ የኔ አይን መጀመሪያ የሄደው ጥግ ላይ ያለው ቀይ ላስቲክ ጋ ነው፣ አስበህበት ነው?»

አስበህበት ነው! ሰው ፊት! ቀይ ላስቲክ መኖሩን እኮ እኔ ራሴ ያን ቀን ነው ያወቅኩት። ደግነቱ ወዳጆቼ ዝም አላሉም፣ አንዱ «ቅናት ነው» አለ፣ ሌላው «እስቲ የራስህን አሳየን»፣ ባለ ካሜራው «በዛ ሌንስ ይሄ ከወጣ ተመስገን ነው»፣ እኔም ኮስተር ብዬ ላስቲኩ «አርት» መሆኑን አስረዳሁ። ምሰሶውንም ጭምር። እስቲ አስቡት፣ ሰውየው ጥሩውን ነገር ለይቶ ነገረኝ፣ የሚስተካከለውን በግማሽ እርምጃ ለክቶ ነገረኝ፣ የፈለግኩትን ደግሞ ከኔው ጠየቀኝ፣ ከዚህ በላይ ነውር አለ? ይሄን ሁሉ ጊዜ ተከባብረን የኖርነው እኮ የማናችንንም ፎቶ ማናችንም ስላላየነው ነው።

በሚቀጥለው ዝናብ፣ ለማንም አልተናገርኩም፣ እዛው ኩሬ ጋ ሄጄ ላስቲኩን በእግሬ ገፋ አድርጌ ግማሽ እርምጃ ወደ ግራ አልኩ። ምሰሶው ለቀቀ፣ ልጆቹም አልጠፉም።

ትናንት ማታ ታዲያ ያው ሰውዬ የራሱን ላከልኝ። ሐይቅ ነው፣ አንድ ጀልባ፣ «ምኑ እንደጎደለው አልገባኝም፣ እስቲ በደንብ እየውና ንገረኝ» ይላል። አየሁት። የሐይቁ መስመር ወደ ቀኝ አዘንብሏል፣ ውሃው ከፎቶው ሊፈስ ምንም አልቀረው፣ ጀልባው ደግሞ አፍንጫው የፎቶውን ጠርዝ ነክቶ መሄጃ አጥቷል። ትንሽ አሰብኩና ጻፍኩለት፦

«ፐ! በምን ካሜራ ነው?»